የበጎ ፈቃደኞች ምሳ

በማምሻ የአረጋውያን መጦሪያ ቅዳሜ የጥፍር ቀን ነው። ስለዚህ ከሳምንቱ አጋማሽ ጀምሮ አንድም ሽማግሌ ጥፍሩን እንዳይቆርጥ፣ በጥርሱም እንዳይነክስ ትእዛዝ አለ። በጎ ፈቃደኛው መቀሱን ይዞ፣ ብርዱን አቋርጦ መጥቶ የሚቆርጠው ካጣ ፊቱ ይጠቁራል። ፊቱ የጠቆረ በጎ ፈቃደኛ ደግሞ ሲወጣ በሩ ለሚጠይቀው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አያምርም።

ረቡዕ የጢም ቀን ነው፣ ዓርብ የእግር እጥበት። የአባባ ናሆም ጢም ለመብቀል ጊዜ አጥቶ አገጫቸው እንደ ተነጨ ዶሮ ቀልቷል። ግድግዳው በየወሩ ስለሚቀባ ቀለሙ ተደራርቦ መስኮቶቹ ከነፍሬማቸው ተጣብቀው ቀርተዋል፤ የመኝታ ክፍሉ በርም ከወፈረ ወዲህ አይገጥምም። ቀቢዎቹ ከባንክ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከስፖርት ቤት የሚመጡ ደስተኛ ሰዎች ናቸው። በሩ አልዘጋ እንዳለ ሲነገራቸው ያዝኑና በሩን ደግመው ይቀቡታል።

ይህ ሁሉ ደግነት ከሰማይ አልወረደም። በደብረ ብርሃን ውሃውም፣ መብራቱም፣ በቱቦ እየመጣ ቤት የሚያሞቀው ሙቀትም የጸዳል ኩባንያ ነው። ጸዳል በድሮ ጊዜ ሠራተኞቹን በዓመት አንድ ቀን ችግኝ ያስተክል፣ ለአንድ ሁለት የበጎ አድራጎት ማኅበራት ዱቄትና ብርድ ልብስ ይሰጥ፣ ፎቶ ይነሳ ነበር። ያኔ ማንም ክፋት አላየበትም፤ ክፋትም አልነበረው ይሆናል። ቀጥሎ በጎ ሥራ የሠራ ደንበኛ ታሪፍ ይቀነስለት ተባለ። ከዚያ በጎ ሥራ ያልሠራ ደንበኛ ታሪፍ ይጨመርበት ተባለ። በአንድ ትውልድ ውስጥ ከተማው ከዳር እስከ ዳር ደግ ሆነ፤ መሥሪያ ቤቱ ከመሥሪያ ቤቱ፣ ጎረቤቱ ከጎረቤቱ በደግነት ይሻማ ጀመር።

ችግሩ የችግረኛ እጥረት ነው። የታረዘ ለማልበስ ወረፋ አለ። ዓርብ ሲመሽ የኩባንያው መኪና ከየገንዳው የሰበሰበውን ቆሻሻ መልሶ በየመንገዱ ይበትናል፣ ቅዳሜ ጠዋት የሚጠርጉት ሰዎች ሥራ እንዳያጡ። አያቱን በተራ ለጎረቤት የሚያውስ ቤተሰብም አለ። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ መጦሪያ ማለት የወርቅ ጉድጓድ ነው፤ ወርቁ ግን ለቆፋሪው እንጂ ለጉድጓዱ አይደርሰውም።

እጹብ የማምሻ ኃላፊ ናት። ኃላፊ ይበሏት እንጂ የምታበስለውም፣ መድኃኒት የምትሰጠውም፣ ሽማግሌ ሲያስል ከእንቅልፏ የምትነሳውም እሷው ናት። ትከሻዋ ሰፊ፣ ትዕግሥቷ አጭር ነው። በዚህ ዓለም ላይ ከልቧ የምትፈራው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የቱቦው መቀዝቀዝ።

የማምሻ ሙቀት የጸዳል ስጦታ ነው። ስጦታው የሚቆየው በጎ ፈቃደኞቹ ረክተው እስከ ወጡ ድረስ ነው። ሰውየው ሊወጣ ሲል በሩ በሚያምር የሴት ድምፅ «ረክተው ወጡ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ እሱም አዎ ወይም አይ ይላል። ባለፈው ታኅሣሥ ጠባሴ ሰፈር ያለው መጦሪያ «አይ» የሚል መልስ በዛበትና ቱቦው ቀዘቀዘ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ደግሞ ሰው አይመርጥም፤ ወሩ ሳያልቅ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀበሩ። ጉድጓዱን የቆፈሩት የጸዳል በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ለእሱም የበጎ ሥራ ነጥብ ተይዞላቸዋል። እጹብ ቀብሩ ላይ ቆማ ያሰበችው በማምሻ ስለሚጦሩት ስለ እማማ ሶልያና ደረት ብቻ ነበር። የእማማ ሶልያና ሳንባ በአንድ በኩል አይሠራም፤ ሐኪሙም «ብርድ ካገኛቸው አለቀ» ብሏታል። እጹብን ወላጅ ሳይኖራት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

አሁን ስለ ምሳው እንናገር፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በምሳ ነውና።

በጎ ፈቃደኞቹ መጀመሪያ በመጡበት ቅዳሜ እማማ ሶልያና እጹብን ወደ አልጋቸው ጠርተው፣ «አንቺ ልጅ፣ ሰው ቤታችን መጥቶ እህል ሳይቀምስ ሊወጣ ነው?» አሏት። እማማ ሶልያና በልጅነታቸው ስልክ ፊት ሲደንሱ ካደጉት ትውልድ ናቸው፤ እርጅና ግን ሁሉንም ወግ አጥባቂ ያደርጋል። እጹብም ነውሩ ታያትና ድፎ ዳቦ ቆርሳ በሻይ አቀረበች። ሌላ አገር ቢሆን ተረጂ ረጂውን ምሳ ብላልኝ አይልም። እኛ ግን ሊያድነን የመጣውንም፣ ሊገድለን የመጣውንም ቁጭ አድርገን ካላበላን እንቅልፍ አይወስደንም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳቦው ሽሮ ሆነ፤ አንዴ ዳቦ ያበሉትን ሰው ደግሞ በዳቦ መሸኘት ንቀት ነውና። ከዚያ ምስር መጣ፣ ከዚያ የድንች አልጫ፣ ጾም ሲፈታ ደግሞ ዶሮ። ጤፍ እንደ መድኃኒት እየተመዘነ በሚሸጥበት ዘመን ለእንግዳ የገብስ እንጀራ ማቅረብ ለእማማ ሶልያና ከሞት አይተናነስም። ስለዚህ የጸዳል የዱቄት ስጦታ በወሩ መጀመሪያ በፎቶና በጭብጨባ ይገባል፣ በየቅዳሜው ደግሞ በበጎ ፈቃደኞች ሆድ ውስጥ ሆኖ ይወጣል። የቤቱ ባለቤቶች በሌላው ቀን አጥሚት ይጠጣሉ።

የማምሻ ምሳ ስሙ ወጣ። እጹብ አንድ ቀን ሁለት የባንክ ሠራተኞች እጃቸውን እየታጠቡ «ሌላ ቦታ ሻይ ብቻ ነው የሚሰጡት፣ እዚህ ግን ሰው ያከብራሉ» ሲባባሉ ሰማች። ከዚያ ወዲህ በቅዳሜ ማምሻ ለመግባት ወረፋ ይያዛል።

ከምሳው ሁሉ የሚወደደው ጉርሻው ነው። እማማ ሶልያና ከአልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠው ለእያንዳንዱ እንግዳ ያጎርሳሉ፤ ካሜራውም ይወደዋል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለት ሁለት ነው። ከየት ያጎርሳሉ ቢሉ ከራሳቸው ሳህን። እንግዳው የበዛ ቀን ሳህናቸው ባዶውን ይነሳል፤ እሳቸውም «ጠግቤአለሁ» ይላሉ። ውሸታቸውን ነው፤ እጹብም ታውቃለች። በመጨረሻ ከእንግዶቹ አንዱ አፉን ጠርጎ ይነሳና ንግግር ያደርጋል። ንግግሩ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ልንሰጥ መጥተን ተቀብለን ሄድን» ይላል። በዚያ ከተማ ከተነገረው ሁሉ እውነት የሆነ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

በኅዳር መጨረሻ ያፌት መጣ። ያፌት የጸዳል የበጎነት ክፍል አስተባባሪ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ጫማው ንጹሕ፣ ሰው ሲያናግር አንገቱን ዘንበል የሚያደርግ ወጣት። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ለእጹብ ይቀላት ነበር፤ ክፉ ሰው ይሰደባል።

«እትዬ እጹብ፣ ትልቅ ዜና ይዤ ነው የመጣሁት» አለ። «የዘንድሮው የበጎነት ቀን እዚህ ማምሻ ይከበራል። ዋና ሥራ አስኪያጇ ራሳቸው ይመጣሉ። ሁሉም የሥራ ክፍል ይመጣል።»

እጹብ ዓይኗ ወደ ዱቄት ማስቀመጫው ሄደ። ከሁለት ጆንያ ጥግ ጥግ ላይ የቀረው ተራግፎ ቢቀላቀል ለሽማግሌዎቹ እስከ ገና አጥሚት ይሆናል። ለእንግዳ ከተጋገረ ግን አንድ ቀን አይሻገርም።

«አቶ ያፌት፣ ሰዉን ቀንሱልን» አለች።

«ደግነትን እንዴት እንቀንሳለን?»

«እንግዲያው ምሳቸውን በልተው ይምጡ።»

ያፌት ከልቡ ደነገጠ። «እኛ ምግብ ጠይቀን እናውቃለን እንዴ? መመሪያችን እኮ ከተረጂ ምንም ነገር አትጠይቁ ነው የሚለው።»

«አትብሉስ ይላል?»

«እሱን አይልም። ከቀረበ በኋላ እምቢ ማለት ነውር ነው፣ እርስዎም ያውቁታል። የአያቶቻችን ወግ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ባታቀርቡም መብታችሁ ነው። ማንም አያስገድዳችሁም። ሰው ሳይረካ ከወጣ ደግሞ፣ መቼም በሩን እኔ አላዘውም።»

ይህን ብሎ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ተሰናበተ። በሩ ረክቶ እንደሆነ ሲጠይቀው «በጣም» ብሎ መለሰ።

እጹብ በማግስቱ ሽማግሌዎቹን በሙሉ ሰብስባ የዱቄቱን ነገር ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ወይ እንግዳው ይበላል ወይ እናንተ ትበላላችሁ አለቻቸው። እነሱም አልመረጡም። በመጨረሻ አባባ ናሆም የተላጨ አገጫቸውን እያሻሹ፣ «ሙቀቱስ?» አሉ።

«የምንበላውን ይበላሉ» አለች እጹብ። «አጥሚት ይቀርብላቸዋል። ሥራ አስኪያጇም ትጠጣለች። ምን እንደምትጠጡ አይተው ይወቁት። አይተው ካወቁ በኋላ ሳንረካ ወጣን የሚል ህሊና ያለው ሰው አይኖርም።»

«አጥሚት ለእንግዳ» አሉ እማማ ሶልያና። «እኔ በሞትኩ ማግስት ታደርጊዋለሽ።»

«እማማ፣ እንዳይሞቱብኝ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ግድግዳው አዲስ ቀለም ይሸት ነበር። እጹብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳደጓትን ሴት እምቢ አለቻቸው።

የበጎነት ቀን በታኅሣሥ ቅዳሜ ላይ ዋለ። በረንዳው ላይ ውርጩ እንደ ጨው ተነስንሶ ሳለ አውቶቡሶቹ ተደርድረው ቆሙ፤ ቢጫ ሰደርያ የለበሰው ሕዝብ ግቢውን ሞላው። የሒሳብ ክፍል ጥፍር ቆረጠ። የጥገና ክፍል ጢም ላጨ፤ ይኸው የጥገና ክፍል የቤቱን የሚያፈስ ቧንቧ እንዲያይ ቢጠየቅ «ዛሬ በሥራ ላይ አይደለንም፣ በበጎ ሥራ ላይ ነን» አለ። የእማማ ሶልያናን እግር ሕግ ክፍል ካጠበው በኋላ የሰው ኃይል ክፍልም አጠበው፤ ሥራ አስኪያጇ ስትመጣ ደግሞ ካሜራው እንደገና እንዲታጠብ ፈለገ። እማማ ሶልያና እግራቸው ከቅዝቃዜው የተነሳ ሰማያዊ ሆኖ እያሳላቸው «ይባርክሽ ልጄ» አሏት።

ምሳ ሰዓት ሆነ። እንግዶቹ ማንም ሳያዛቸው እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ። እጹብ በትልቅ ትሪ ኩባያ ደርድራ ከጓዳ ወጣችና በየፊታቸው አስቀመጠች። ቀጭን የገብስ አጥሚት ነው፣ ስኳር የሌለው። እንግዶቹ አመስግነው ያዙት። ለመግቢያ ያህል የቀረበ መስሏቸው ጥቂት ፉት እያሉ የጓዳውን በር ይጠብቁ ጀመር። እጹብ ትሪውን ይዛ ቆመች። ከጓዳው ሌላ የሚወጣ ነገር አልነበረም።

አንዱ ሰዓቱን አየ፤ ሌላዋ ኩባያዋን አንዴ ተጎንጭታ መልሳ አስቀመጠች። ሥራ አስኪያጇ ፈገግታዋን አላጠፋችም፤ ዓይኗ ግን ያፌትን ፈለገ፣ ያፌትም ጫማውን ያይ ነበር። እጹብ «ይበቃል፣ ገብቷቸዋል» ብላ አሰበች። ከዚህ በኋላ አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ሰው እንኳ፣ «እናንተ በየቀኑ ይህን ነው የምትበሉት?» ብሎ ቢጠይቅ የምትመልሰውን አዘጋጅታ ነበር።

ማንም አልጠየቀም። የጠየቁት ቢኖሩ እማማ ሶልያና ነበሩ፣ እሳቸውም የጠየቁት መሬቱን ነው፤ ተከፍቶ እንዲውጣቸው። ከዚያ የአልጋውን ብረት ይዘው ተነሱ። ከሕመማቸው ወዲህ ያለ ደጋፊ ቆመው አያውቁም። ትራሳቸውን ገልብጠው በጨርቅ የተቋጠረ ድርቆሽ አወጡና፣ እየተንገዳገዱ ሄደው ሥራ አስኪያጇ ፊት ፈቱት።

«ቤት ያፈራውን ነው፤ አትታዘቡን» አሉ።

ይህን ጊዜ ሁሉም ተነሳ። ሽማግሌ መደበቅ ይወዳል፤ ነገን ስለማያምን ከዛሬው ላይ ይሸሽጋል። አባባ ናሆም ከካልሲያቸው ውስጥ የባቄላ ቆሎ አወጡ። አንዷ ባልቴት ልጃቸው ያመጣላቸውን ማር በመድኃኒት ጠርሙስ ይዘው መጡ። ከፍራሽ ሥር የዳቦ ቅርፊት ወጣ፣ ከቁምሳጥን ጀርባ ተምር፣ ከጋቢ ጫፍ የተቋጠረ ለውዝ። ለክፉ ቀን የተቀመጠው ሁሉ እንግዶቹ ፊት ተከመረ። እጹብ «ተዉ፣ ኧረ ተዉ» ትላለች፣ ማን ይስማት።

እንግዶቹ በሉት።

መጀመሪያ ለወጉ ያህል ቆነጠሩ። ቆሎው ግን ጥሩ ነበር፣ ማሩም ንጹሕ የመንዝ ማር ነበር፣ ሰዓቱም ሄዷል። እማማ ሶልያና ድርቆሹን በማር እየነከሩ ለሥራ አስኪያጇ አጎረሷት፤ አንድ ያጣላል ብለው ደገሙላት። ሥራ አስኪያጇ እያኘከች እንባዋ መጣ። የእውነት እንባ ነበር፤ እንባ ምን ጊዜም የእውነት ነው፣ የሚያጠያይቀው የሚፈስበት ምክንያት ነው። ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን ተነስታ «ልንሰጥ መጥተን ተቀብለን ሄድን» ብላ ተናገረች፤ ድምጿም ተቆራረጠ። ሁሉም አጨበጨበ። በሩ ሲጠይቃቸው አዎ ያላለ አንድም ሰው አልነበረም።

እጹብ ማታ የቱቦውን ሙቀት በመዳፏ ዳስሳ አለቀሰች። እልኸኛ ሴት ስለሆነች የምታለቅሰው ስታሸንፍ ይሁን ስትሸነፍ እሷም አታውቀውም።

ሰኞ ያፌት ሳጥን አሸክሞ መጣ። ሳጥኑ ውስጥ ዱቄት የመሰላት እጹብ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት።

«የቅዳሜው ነገር ኩባንያውን ከላይ እስከ ታች አነቃንቆታል» አለ። «ቦርዱ ተሰብስቦ ነበር። እንዲህ ካላቸው ላይ ለሚሰጡ ሰዎች ተረጂ የሚል ስም ስድብ ነው ተባለ። ከዛሬ ጀምሮ ማምሻ ከተረጂነት ወጥቶ በሰጪነት ተመዝግቧል። በከተማችን ታሪክ የመጀመሪያው ነው።»

«ምን ማለት ነው?» አለች እጹብ።

«ክብር ማለት ነው።»

«ዱቄቱስ?»

«ለሰጪ ዱቄት መስጠት እኮ ያሳፍራል፣ እትዬ እጹብ። እኛም አናደርገውም፣ እናንተም አትቀበሉም።»

«ሙቀቱ፣ አቶ ያፌት። ሙቀቱ።»

«ሙቀቱማ አለ። እንደ ማንኛውም ሰጪ በበጎ ሥራ ታቆዩታላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ መውጣት ብቻ ነው። አውቶቡስ መድበንላችኋል።» ሳጥኑን ከፈተው። በሽማግሌ ልክ የተሰፉ ቢጫ ሰደርያዎች ነበሩ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ስም ተጠልፏል።

እጹብ የእማማ ሶልያናን ሰደርያ አንስታ አየችው። «እኚህ ሴትዮ አልጋ ላይ ናቸው» አለች። «ሳንባቸው አንድ ነው።»

«ቅዳሜ ተነስተው ቆመው እኮ አየናቸው» አለ ያፌት፣ በአድናቆት። «ሁላችንም አየን።»

እጹብ አፏ ላይ የመጣላትን ስድብ ዋጠችው። ቢሰደብም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማትና ስለ ቅንነቷ አመስግኖ ይሄድ ነበር።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ በመንገድ ጠረጋ አለፈች። ሁለተኛዋ ቅዳሜ ጫጫ ከተማ ወዳለው መጦሪያ ወሰዷቸው። በዚያ ሳምንት አጥሚቱም ቀጥኖ ቀጥኖ የፈላ ውሃ መስሎ ነበር፤ አውቶቡሱ ውስጥ የማን ሆድ እንደሚጮህ አይለይም። እጹብ እማማ ሶልያናን በሁለት ጋቢ ጠቅልላ፣ ሰደርያውን ከላይ ደርባ፣ ታቅፋቸው ሄደች።

የጫጫው መጦሪያ ከማምሻ ያንሳል፤ ግድግዳው ግን እንደዚያው በቀለም ወፍሯል። ኃላፊዋ ብሌን የምትባል ቀጭን ሴት ናት። በር ላይ ቆማ ጎንበስ ብላ ተቀበለቻቸውና ወደ ሥራው አስገባቻቸው። እማማ ሶልያና በሚንቀጠቀጥ እጅ ከእሳቸው በዕድሜ የሚያንሱ ሰውዬ ጥፍር ቆረጡ፤ ሰውየውም ጣታቸው ሲደማ «ምንም አይደል፣ ይባርክዎ» አሉ። አባባ ናሆም ብሩሽ ተሰጥቷቸው በር ቀቡ። ፎቶ ተነሳ። ከዚያ ብሌን እጇን እያሻሸች «ምሳ ቀርቧል» አለች።

የጤፍ እንጀራ ነበር። ምስሩ፣ አልጫው፣ ጎመኑ በላዩ ላይ ያጤሳል።

እጹብ በጓዳው በር ስንጥቅ ወደ ውስጥ አየች። ከምድጃው አጠገብ ክዳኑ ያልገጠመ ድስት አለ፤ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ለእሷ ማንም መንገር አያስፈልገውም። ወጣ ብላ ብሌንን ክንዷን ያዘቻት። «እኛ አንበላም፣ በልተን ነው የመጣነው» አለቻት። «ለሽማግሌዎችሽ አስቀምጪው። እኔም የመጦሪያ ኃላፊ ነኝ፣ አውቃለሁ።»

የብሌን ፊት አመድ መሰለ። «ምን አጠፋን?» አለች። ወደ በሩ ዞር ብላ አየች፣ ከዚያም አልጋ ላይ ወደ ተኙት ሰዎች። «በሞቴ። በእናትሽ፣ አታስቀይሙን። ገና ውርጩ አላለፈም።»

እጹብ ያን ፊት ታውቀዋለች፤ ስንት ዓመት ለብሳው ኖራለች። እምቢ ብትል ይህችን ሴት ትገድላታለች፣ ብትበላ ደግሞ ታስርባታለች። ሌላ መንገድ ፈልጋ ገና ሳታገኝ ከኋላዋ የእጅ መታጠቢያው ውሃ ሲፈስ ሰማች።

እማማ ሶልያና እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ታጥበው ተቀመጡ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። የቤቱ ሽማግሌዎች ከየአልጋቸው ተደግፈው ለእንግዶቹ ያጎርሱ ጀመር፤ ሁለት ሁለት። እማማ ሶልያና አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ተቀበሉ። አኘኩ፣ ዋጡ፣ ደግሞ ከፈቱ። ዓይናቸው ከትሪው ላይ አልተነሳም። የሚያጎርሷቸው አሮጊት ሳህን ሲጎድል ያዩት እንደሆነ እጹብ አፍጥጣ ጠበቀች፤ አላዩትም። ከዚያ እሷም ተቀመጠች። ብሌን ቆማ እያየቻት ስለሆነ አንድ ቆረሰች፤ ቀጥሎ የቆረሰችው ግን ለብሌን ብላ አይደለም።

ትሪው ጸዳ። አባባ ናሆም አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉና ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሱ። ንግግሩን ስንት ጊዜ ሰምተውታል፤ «ልንሰጥ መጥተን ተቀብለን ሄድን» አሉ። ቀልድ አልነበረበትም። ሰዉም አጨበጨበ፣ ብሌንም አጨበጨበች።

ሲወጡ በሩ ያው በሚያምር የሴት ድምፅ ጠየቀ። አይ ካለች ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ አዎ ካለች ወረፋው ይረዝምበታል። እጹብ «አዎ» አለች። ሁሉም አዎ አሉ፤ እማማ ሶልያና «በደንብ» ብለው ጨመሩበት።

አውቶቡሱ ውስጥ ይሞቃል። ሽማግሌዎቹ ከብዙ ጊዜ በኋላ የጠገበ ሰው እንቅልፍ ጣላቸው። እማማ ሶልያና ብቻ ነቅተው በመስኮት የጫጫን ሜዳ ያያሉ፤ ሳላቸውም ጋብ ብሎላቸዋል። ጥቂት ቆይተው ወደ እጹብ ጠጋ አሉና በጆሮዋ፣ «የሚመጣው ቅዳሜም እዚሁ ነው የምንመጣው?» አሏት።

«ለምን ጠየቁኝ፣ እማማ?»

«ጾሙ ይፈታል እኮ» አሉ። «ዶሮ ሳይሠሩ አይቀሩም።»

እጹብ ልትቆጣቸው አፏን ከፈተች። አፏ ግን ምራቅ ሞልቶት ነበር።